የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር፦ ትንሹ ብልጭታ ለምን ይገድላል?

 

ሰሞኑን በዶርም ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ ወጣት ከተበላሸ ማይክሮዌቭ ውስጥ ትራንስፎርመሩን ያወጣል፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለት ሽቦ ያቀራርባል። ወዲያው ሐምራዊ እሳት በሽቦዎቹ መካከል እየጮኸ ይዘረጋል። ሲያዩት ያምራል፤ የሚሠራበት ዕቃም በቀላሉ የሚገኝ ነው። እኛ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ያገለገለና የተበላሸ ዕቃ ብርቅ አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት ጓሮ ብታዩ፣ በላይ በላዩ የተደረደረ የማይክሮዌቭ ቀፎ አታጡም።

ኢንጂነሪንግ ስለማጠና «እኛም እንሞክረው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች አሉ። መልሴ አጭር ነው፦ አንሞክረው። ነገር ግን ለተማሪ «ተው» ማለት ብቻ አይበቃም። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ክልከላውን ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ በምን እንደሚለይና የማወቅ ፍላጎታችንን በየት በኩል ማርካት እንደምንችል እንይ። የፊዚክስ ተማሪ ያልሆናችሁም ትከተሉኛላችሁ፤ ከማካፈልና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ የለውም።

አርክ ማለት ምን ማለት ነው?

አርክን ለማየት ዩቲዩብ አያስፈልግም። በከተማችን የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራበት ብየዳ ቤት ሁሉ ቀኑን ሙሉ አርክ ሲያበራ ይውላል። በያጁ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ነካ አድርጎ ትንሽ ከፍ ሲያደርገው በመካከል የሚቀረው ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን አርክ ነው።

አየር በተፈጥሮው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ይህ ባይሆን ኖሮ ከሶኬታችን ቀዳዳ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ በወጣ ነበር። ነገር ግን አየሩ በጣም ሲግል፣ ወይም በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ፣ የአየሩ አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ይለቃሉ። እንዲህ የሆነ አየር ፕላዝማ ይባላል፤ እንደ ሽቦም ከረንት ያስተላልፋል። ብልጭ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ብልጭታ እንለዋለን። ኃይል የሚመግበው ምንጭ ኖሮ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ግን አርክ ይሆናል። የአርክ ሙቀት ከ5,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። ብረት 1,500 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ፣ በያጁ ብረትን እንደ ሰም ማቅለጡ አይገርምም።

ይህ ዕውቀት ብዙ ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በትልቅ ባትሪና በሁለት የከሰል ዘንግ በለንደን ሕዝብ ፊት አርክ አብርቷል። ከዚያም አርክ የመንገድ መብራት ሆኖ አገልግሏል፤ ችግሩ እየጮኸና እየተርገበገበ ማስቸገሩ ነበር። የጩኸቱን ምክንያት ያገኘችው ኸርታ አይርተን የምትባል ሴት ተመራማሪ ናት፦ ኦክስጅን ከጋለው ከሰል ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ድምፅ መሆኑን አሳየች። በዚህ ሥራዋ በ1899 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። ስለ ኤሌክትሪክ አርክ የጻፈችው መጽሐፍ የታተመው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እዚህ ደርሶ ከተማችን የተቆረቆረችውም በዚያው ዓመት ነበር። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ እህቶቻችን ይህችን ሴት ብታውቋት መልካም ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ አንድ ሴንቲሜትር አየርን ለመስበር በግምት 30,000 ቮልት ያስፈልጋል። ከፍ እያልን በሄድን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በትንሽ ቮልት ይሰበራል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አንድ ስምንተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው ቮልትም ወደ 26,000 ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የመከላከያ ርቀቱን የሚያስረዝሙት ለዚህ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ ውስጥ «ይህን ያህል ርቀት ይበቃል» ሲባል ብትሰሙ፣ ያ ልክ ለእኛ አገር የተሰፋ አይደለም።

በማይክሮዌቩ ሆድ ውስጥ

ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው ማግኔትሮን በሚባል ዕቃ ነው። ማግኔትሮን ለመሥራት 4,000 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ ከግድግዳችን የሚመጣው ግን 220 ቮልት ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚሞሉት ትራንስፎርመሩ፣ ካፓሲተሩና ዳዮዱ ናቸው።

ትራንስፎርመሩ በብረት ኮር ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ዋና ጥቅሎች አሉት። አንደኛው በወፍራም ሽቦ የተሠራና ዙሩ ጥቂት ሲሆን ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ብዙ ጊዜ የዞረ ነው። እዚህ ዕቃ ላይ በግምት ለአንድ ዙር አንድ ቮልት ብላችሁ ብታስቡ ከእውነቱ አትርቁም፦ ሁለት መቶ ምናምን ዙር በመግቢያው፣ ሁለት ሺህ ምናምን ዙር በመውጫው። ስለዚህ በመውጫው ከ2,000 ቮልት በላይ ይገኛል። ካፓሲተሩና ዳዮዱ ደግሞ ይህንን ወደ እጥፍ ያሳድጉታል።

በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ቀጫጭን የብረት ቁራጮች ተሰክተዋል። ሥራቸው የማግኔቱን ኃይል በከፊል እያሾለኩ የሚወጣውን ከረንት መገደብ ነው። ይህም ለማግኔትሮኑ ጤንነት የተደረገ እንጂ ለሰው ተብሎ የተደረገ አይደለም። ከገደቡ በኋላም ቢሆን ግማሽ አምፕና ከዚያ በላይ ይወጣል። የአንድ ማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ኃይል አንድ ሺህ ዋት ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ሺህ ጁል ያቀብላል ማለት ነው።

ሌላው ነጥብ፦ የመውጫው ጥቅል አንደኛው ጫፍ ከራሱ ከኮሩ ጋር የተያያዘ ነው። የብረቱ ቦዲ ራሱ የሰርኪዩቱ አካል ነው። ስለዚህ «እኔ የምይዘው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው» የሚል ሰው፣ ትራንስፎርመሩ የተቀመጠበት ሲሚንቶና የቆመበት ወለል ሁለተኛውን ሽቦ ሊሆኑለት እንደሚችሉ ረስቷል።

ቮልቱ ከበዛ ነው ወይ የሚገድለው?

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በድሬዳዋ ደረቅ ወራት የናይለን ልብስ ስናወልቅ ወይም ከብርድ ልብስ ስንወጣ ቻ! ብሎ የሚነዝረን ነገር አለ። የጋዝ ምድጃ ማቀጣጠያ ቀጭ ስናደርግም ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። ሁለቱም ሺህ ቮልቶችን ያልፋሉ፤ አሥር ሺህ የሚደርሱበት ጊዜም አለ። ታዲያ እነዚህ ካልገደሉን የማይክሮዌቩ 2,000 ቮልት እንዴት ይገድላል?

መልሱ ከብልጭታው ጀርባ ያለው ምንጭ ላይ ነው። የሰው አካል በመታሸት የሚይዘው ቻርጅ በጣም ትንሽ ነው። አሥር ሺህ ቮልት ቢደርስ እንኳ ያጠራቀመው ኃይል አምስት ሺሕኛ ጁል ገደማ ነው፤ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜም አልቆ ያበቃል። ከማሰሮ የፈሰሰ አንድ ጠብታ ውሃ በሉት። የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር ግን ቧንቧ ነው፤ ከኋላው ያለው የመብራት ኃይል መስመር ነው። በአንድ ሰከንድ ብቻ የሚያቀብለው ኃይል ከልብሳችን ብልጭታ 200,000 ጊዜ ይበልጣል፤ እስኪቋረጥ ድረስም አያቆምም።

የብየዳ ማሽንን ደግሞ በሌላው በኩል አስቀምጡት። ከረንቱ መቶ አምፕና ከዚያ በላይ ነው፤ ቮልቱ ግን ከመበየዱ በፊት እንኳ ከ50 እስከ 80 ቮልት ገደማ ነው። ይህ ቮልት ደረቅ ቆዳንና ጓንትን ሰብሮ ብዙ ከረንት ለማስገባት ይቸገራል። የበያጁ እጅ እርጥብ ከሆነ ግን እሱም አደገኛ ነው። ባለሙያዎቹ ጓንትና ደረቅ ጫማ የሚሉት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን ተመልከቱ። የልብሳችን ብልጭታ ቮልት አለው፣ ከረንቱን የሚያስቀጥልለት የለውም። ብየዳው ከረንት አለው፣ ቆዳ የሚሰብር ቮልት የለውም። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል። በሰው እጅ በቀላሉ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል ይህን ያህል ገዳይ የሚያደርገው ይህ ነው።

የሚያታልለውም ነገር እዚሁ አለ። ሁለት ሺህ ምናምን ቮልት በራሱ ሊዘል የሚችለው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ርቀት ነው። ሽቦዎቹን አገናኝቶ ሲያራርቃቸው ግን የጋለው ፕላዝማ ከረንቱን ማስተላለፉን ስለሚቀጥል አርኩ ብዙ ሴንቲሜትር ይለጠጣል። የተመለከተ ሰው «ካልነካሁት አይደርስብኝም፤ ሰፊ ርቀት አለኝ» ብሎ ይተማመናል። ከዚያ አንድ ቀን ሽቦው ይንሸራተታል፣ ወይም የጋለው ጫፍ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ወይም ከኋላው የሚጠራው ሰው ያዞረዋል። በዚህ ዕቃ የሚደረግ ስሕተት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

«ኮረንቲ ያዘው»

በአማርኛ «ኮረንቲ ያዘው» እንላለን። አባባሉ በሳይንስም ልክ ነው። ጡንቻዎቻችን የሚታዘዙት ከአንጎል በሚመጣ ደካማ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ከውጭ የመጣ 10 ሚሊአምፕ ገደማ ከረንት በክንድ ውስጥ ካለፈ ያንን መልእክት ይውጠዋል። የሚጨብጡት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ስለሚበረቱ እጅ ሽቦውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ሰውየው «ልልቀቅ» ቢልም እጁ አይሰማውም። ከረንቱ ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፕ ደርሶ ለአንድ ሰከንድ ያህል በደረት በኩል ካለፈ፣ ልብ ምቱን አጥቶ መርገፍገፍ ሊጀምር ይችላል። ልብ ሲርገፈገፍ ደም አይገፋም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ደረቅ ቆዳ ጥሩ ተከላካይ ነው፤ ከቆዳ በታች ያለው አካላችን ግን ጨው ያለበት ውሃ ስለሆነ ከእጅ እስከ እጅ ያለው ሬዚስታንስ ከ500 እስከ 1,000 ኦም ገደማ ብቻ ነው። «220 ነዝሮኝ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ፤ በአላህ ፈቃድ ያተረፈው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ቆዳውና ጫማው ነው። ሁለት ሺህ ቮልት ላይ ግን ቆዳ ራሱ ይበሳና ከመከላከያነት ይወጣል። 2,000 ቮልትን ለ1,000 ኦም ስናካፍል 2 አምፕ ይሆናል። ትራንስፎርመሩ በራሱ ገደብ ግማሽ አምፕ ብቻ ሰጠ ብንል እንኳ 500 ሚሊአምፕ ነው፤ ይህም ልብን ማርገፍገፍ ከሚጀምረው መጠን አሥር እጥፍ ነው። በዚያ ላይ የድሬዳዋን ሙቀት ጨምሩበት። በላብ የረጠበ እጅና በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ የቆመ ሰው ከመጀመሪያውም መከላከያው የተሸረሸረ ነው።

«ብሬከሩ ያጠፋዋል»

አንዳንዱ ልጅ የሚተማመነው በብሬከር ነው። ይህ አስተሳሰብ ለሌላ ዕቃ ትንሽ እውነት ቢኖረውም እዚህ ላይ አይሠራም፤ ለምን እንደማይሠራ ማወቅም ይጠቅማል።

ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። 16 አምፕ የሚል ጽሑፍ ካለበት ከ16 አምፕ በታች ያለውን ሁሉ ያሳልፋል። በሰው አካል ውስጥ ግማሽ አምፕ በ2,000 ቮልት ሲያልፍ፣ በመግቢያው በኩል የሚታየው ጭማሪ አምስት አምፕ ገደማ ነው። ለብሬከሩ ሰው እየሞተ ይሁን ውሃ እየፈላ ይሁን ልዩነት የለውም።

ከተራው ብሬከር የሚሻለው፣ በፌዝ የገባው ከረንት በኒውትራል ካልተመለሰ የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው መከላከያ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ትራንስፎርመር የመግቢያውንና የመውጫውን ሰርኪዩት በሽቦ አያገናኝም፤ የሚያገናኛቸው ማግኔት ነው። በመውጫው በኩል ሰው ቢያዝ ከረንቱ ከመውጫው ጥቅል ወጥቶ ወደዚያው ይመለሳል። በመግቢያው በኩል ደግሞ በፌዝ የገባው ሁሉ በኒውትራል ተስተካክሎ ይመለሳል። አርሲዲው የጎደለ ነገር ስለማያይ ዝም ይላል። ከዚህ ዕቃ ጋር ስንገናኝ በቤታችን ያሉ መከላከያዎች ሁሉ ዓይናቸው ተሸፍኗል።

ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላስ?

ማይክሮዌቭ ከሶኬት ቢነቀልም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ አንድ ማይክሮፋራድ ገደማ ነው፤ ወደ 2,800 ቮልት ከተሞላ አራት ጁል አካባቢ ይይዛል። ከልብሳችን ብልጭታ ስምንት መቶ እጥፍ ማለት ነው። በውስጡ ቀስ እያለ የሚያፈስሰው ሬዚስተር አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ዕቃው ግን የተበላሸ ነው፣ የተበላሸው ክፍል ያ ሬዚስተር ይሁን ሌላ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ጥገና የሚማሩ ወንድሞች ማይክሮዌቭ መክፈትን ከሠለጠነ ጠጋኝ ሥር ሆነው ካልሆነ አይጀምሩት።

ማግኔትሮኑም የራሱ ነገር አለው። በአንዳንዶቹ ላይ ያለው የሴራሚክ ክፍል ቤሪሊየም ኦክሳይድ አለበት፤ ሲሰበርና ሲፈጭ የሚወጣው አቧራ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ለማግኔቱ ብላችሁ ሴራሚኩን በመዶሻ አትምቱ። አርኩ ራሱ ደግሞ ዓይን የሚያቃጥል አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ኦዞንና የናይትሮጅን ጋዞች ይለቃል። በተዘጋ የዶርም ክፍል ውስጥ እነዚህ ብቻቸውን ለጉዳት ይበቃሉ።

ሌሎች የከፈሉት ዋጋ

በውጭ አገር በማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርንጫፍ የሚመስል ሥዕል ማቃጠል ፋሽን ሆኖ ነበር። እንጨቱን ጨው ባለበት ውሃ ያርሱታል፤ ከዚያ ቮልቱን ይለቁበታል። ውጤቱ በእርግጥ ውብ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። በአሜሪካ የእንጨት ቅርጽ ሠሪዎች ማኅበር በዝግጅቶቹ ላይ ይህን ሥራ ጨርሶ ከልክሎታል፤ የተመዘገበው የሟቾች ቁጥርም ከ30 በላይ ደርሷል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ባልና ሚስት በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ሞተዋል።

በዚያው ዓመት አን ሪርደን የተባለች አውስትራሊያዊት የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ስለዚህ አደጋ የሚያስጠነቅቅ ቪዲዮ ሠራች። ዩቲዩብ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን ራሱን አነሣው፤ ተቃውሞ ሲበዛ መልሶ አወጣው። በዚያን ጊዜ ሥራውን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በቦታቸው ነበሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ስልካችን ላይ የሚመጣልንን ነገር ለደኅንነታችን ብሎ የሚያጣራልን ሰው እንደሌለ ነው። ማጣራቱ የእኛ ሥራ ነው። ደግሞም ቪዲዮውን የሚያወጣው የተረፈው ሰው ብቻ መሆኑን አትርሱ። ያልተረፈው ቪዲዮ አያወጣም።

በከተማችን ደጃፍ ያለው 25,000 ቮልት

ስለ አርክ ካወራን ድሬዳዋ ውስጥ ከማይክሮዌቭ የበለጠ ነገር አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይይዛል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚወስደው መስመር ደግሞ 230,000 ቮልት ነው።

ቅድም ያየነው ሒሳብ እዚህም ይሠራል። ሃያ አምስት ሺህ ቮልት ለመግደል መነካት አያስፈልገውም፤ ሰው ወይም የያዘው ዘንግ ሲጠጋ አየሩን ሰብሮ ይመጣል። ስለዚህ የባቡር ሕጎች ከሽቦው የሚጠበቀውን ርቀት የሚለኩት በሜትር ነው። የድሮውን የፈረንሳይ ባቡር ያስታወሱ ትልልቅ ሰዎች «ፉርጎ ላይ መውጣት ድሮም ነበረ» ቢሏችሁ፣ ያ ባቡር ከላዩ ሽቦ አልነበረውም በሏቸው። በሐዲዱ አካባቢ ከብትና ፍየል የሚጠብቁ፣ ቆርቆሮና ረጅም እንጨት የሚሸከሙ ዘመዶች ያሏችሁ ይህችን ነገር በአፋን ኦሮሞም በሶማሊኛም አድርሱላቸው። ከምሰጣችሁ ምክር ሁሉ ብዙ ሰው ሊጠቅም የሚችለው ምናልባት ይህ ነው።

ታዲያ ማየት ለምንፈልግ?

የማወቅ ጉጉት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ወደ ትክክለኛው በር እንምራው።

አንደኛ፣ ብየዳ ተማሩ። በዩኒቨርሲቲ ዎርክሾፕ ወይም በሠለጠነ በያጅ ሥር፣ በጭንብልና በጓንት አርክን በእጃችሁ መምራት ትችላላችሁ። ጠቆር ባለው መስታወት ውስጥ ፕላዝማውን፣ የቀለጠውን ብረትና ርቀቱ ሲለዋወጥ የሚቀየረውን ድምፅ አስተውሉ። እንጀራም ይወጣበታል።

ሁለተኛ፣ የጋዝ ማቀጣጠያውን ቀጭ የሚያደርገውን ክሪስታል አጥኑ። በጣት ግፊት ብቻ ሺህ ቮልቶች ይፈጥራል፤ ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ አይገድልም። ጋዝ በሌለበት ቦታ ብልጭታው ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘል ለክታችሁ ቮልቱን መገመት ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊዚክስ ላብ ውስጥ ቫን ደ ግራፍ የሚባለው ማሽን ካለ መምህራችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ትልቅ ቮልት በትንሽ ከረንት ምን እንደሚመስል ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም።

አራተኛ፣ የተበላሸ ማይክሮዌቭ ካላችሁና ጠጋኙ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጎ ከፍቶ ከሰጣችሁ፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ፣ ሳህን የሚያዞረው ትንሽ ሞተርና ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ለፕሮጀክት ይጠቅማሉ። ትራንስፎርመሩን ሶኬት ላይ ሳትሰኩ ዙሮቹን ቁጠሩ፣ የኮሩን ንጣፎች እዩ፣ በመካከል የተሰኩትን ቁራጮች ፈልጉ። ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ኃይል በሌለበት ብረት ላይ ማየት ይቻላል።

አደጋ ቢያጋጥም

ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ብታዩ አትንኩት። መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉ ወይም ሶኬቱን ንቀሉ። በቤት ውስጥ 220 ቮልት ሰውን በደረቅ እንጨት መግፋት ይቻል ይሆናል፤ በሺዎች ቮልት ላይ ግን እንጨትም አያስተማምን፤ ኃይሉ ሳይጠፋ አትጠጉ። የባቡሩ ወይም የመስመሩ ሽቦ ከሆነ የሚመለከታቸው ሰዎች ኃይሉን እስኪያጠፉ ድረስ ሌላውንም ሰው አርቁ።

ኃይሉ ከጠፋ በኋላ ሰውየው የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ፣ አንድ ሰው ለእርዳታ ይጥራ፤ ሌላው በደረቱ መካከል በሁለት እጅ አምስት ሴንቲሜትር ያህል እየገባ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። የጤና ባለሙያ እስኪደርስ አያቁም። ተጎጂው ሴት ሆና የቀረበው ወንድ ቢሆን ወይም በተቃራኒው፣ ይህ የማመንታት ሰዓት አይደለም፤ ነፍስ ማዳን ዶሩራ ነው። የተረፈው ሰውም «ደኅና ነኝ» ቢል እንኳ የልብ ምርመራ ሳያደርግ አይደር፤ የውስጥ ቃጠሎና የልብ ምት መዛባት ቆይቶ ሊታይ ይችላል።

በመድረሳ ከተማርናቸው የፊቅህ መርሆዎች አንዱ፣ ጉዳትን መከላከል ጥቅም ከማምጣት እንደሚቀድም ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ጥቅሙ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ሲሆን ጉዳቱ አንድ ነፍስ ነው። ነፍሳችን አማና ናት፤ እኛን ለማስተማር ከቀፊራ ጉልት እስከ ገጠር እርሻ የሚደክሙ ወላጆቻችንም ሐቅ አለባት።

በዶርማችሁ ይህን የሚያስብ ልጅ ካለ ጽሑፉን አስነብቡት፤ ብየዳ ለመማር ወይም ላብ ውስጥ ለማየት ከፈለገም አብራችሁት ሂዱ። አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባወቅነውም ይጥቀመን። ወሰላሙ ዐለይኩም።